ስለ አረጋውያን መውደቅና ስለ መጦሪያ ቤቶች ጥንቃቄ

በዚህ ዐምድ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ቤት አያያዝ ብዙ ጊዜ ተነጋግረናል። በዚህ ወር ግን ስለ አረጋውያን፥ ይልቁንም ከቤታቸው ወጥተው በመጦሪያ ቤት ስለሚኖሩት አረጋውያን እንነጋገር ዘንድ ወደድን። ለዚህ ያነሣሣን ነገር በገዛ ቤተ ሰባችን የደረሰ ነው።

የእናታችን ታላቅ ወንድም በአንድ ደብር ከሠላሳ ዓመት በላይ በመሪጌትነት ያገለገሉ፥ ለእኛም ፊደልና ዳዊት ያስተማሩን ሰው ናቸው፤ ዛሬም ድረስ የምንጠራቸው የኔታ ብለን ነው። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ልጆቻቸው በያገሩ ተበትነው ነበርና፥ የእኛም ቤት ጠባብ ሥራችንም ከማለዳ እስከ ማታ በመሆኑ፥ ተመካክረን በአንድ አነስተኛ መጦሪያ ቤት እንዲቀመጡ አደረግን። ይህን ስንጽፍ ኅሊናችን ፈጽሞ ዝም ይላል ለማለት አንደፍርም፤ ነገር ግን የብዙ ቤተ ሰብ ዕጣ እየሆነ ስለ ሄደ ሸሽገን የምናልፈው አይደለም።

እዚያም ሦስት ወር ያህል በደኅና ከተቀመጡ በኋላ አንድ ሌሊት ወደቁ። ለሽንት ተነሥተው ነው ተባልን። እግዚአብሔር ይመስገን፥ አጥንት አልተሰበረም፤ ግንባራቸው ተላልጦ ጎናቸው ጠቁሮ ነበር። በማግሥቱ የቤቱ ኀላፊ ያለ ሰው ድጋፍ እንዳይነሡ አዘዘ። መቋሚያቸውም ያደናቅፋል ተብሎ በዕቃ ቤት ተቀመጠ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቁርሳቸውን ከበሉበት ሰዓት እስከ መኝታ ድረስ በአንድ ዝቅ ያለ ለስላሳ ወንበር እያስቀመጡ፥ እንዳይነሡም ጠረጴዛ እስከ ደረታቸው ድረስ ያስጠጉባቸው ጀመር። እኛም ይህን ባየን ጊዜ፥ እውነቱን ለመናገር፥ ደስ አለን፤ ተጠበቁልን አልን እንጂ ታሰሩብን አላልንም።

ሁለት ወር ሳይሞላ ግን የኔታ ከወንበር መነሣት ተሳናቸው። ጭናቸው ሰለለ፤ ሲያቆሟቸው ጉልበታቸው ይንቀጠቀጣል። «የኔታ፥ እባክዎ እንደ ቀድሞው ትንሽ ይንቀሳቀሱ» ብንላቸው፥ «ልጄ፥ ቁጭ በል የሚለኝ ሞልቷል፤ ተነሥ የሚለኝ ነው የጠፋው» ብለው መለሱልን። ቀጥሎም ያው ወንበር ላይ ሆነው ወደ ፊት ተንሸራትተው ሁለተኛ ጊዜ ወደቁ።

በሠራተኞቹ ላይ ፍርድ ለመስጠት ይህን አላነሣንም። በሌሊት ሃያ ለሚሆኑ አረጋውያን ሁለት ሴቶች ብቻ ነበሩ፤ አንዱ ቢሰበር የሚወቀሱትም እነርሱ ናቸው። የፈሩ ሰዎች ናቸውና እንዳይወድቅ አስቀምጠው አሉ። ስሕተቱ በአሳቡ ላይ ነው፤ ይኸውም መውደቅ የሚመጣው ከመቆም ነውና መቆምን ከከለከልን መውደቅን ከለከልን የሚለው አሳብ ነው።

ሊቀ ካህናቱን ዔሊን እናስታውስ። በመጽሐፈ ሳሙኤል እንደ ተጻፈው፥ ዘጠና ስምንት ዓመት የሆነው፥ ዓይኑ የፈዘዘ፥ ሰውነቱም የከበደ ያ ሽማግሌ የወደቀው በበሩ አጠገብ ከተቀመጠበት ወንበር ነው። እየሄደ አልነበረም። የታቦቱን መማረክ በሰማ ጊዜ ወደ ኋላው ወደቀ። ሰባኪዎቻችን ከዚህ ታሪክ የሚያወጡት ትምህርት ሌላ ነው፤ ለዛሬው ነገራችን ግን ወንበርም እንደሚጥል ያሳየናል።

በዚህ ነገር በካናዳ አገር፥ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ግዛት፥ የተደረገ አንድ ምርመራ እጅግ የሚያስገርም ነው። ተመራማሪዎቹ በሁለት መጦሪያ ቤቶች የጋራ ክፍሎችና መተላለፊያዎች ካሜራ አስቀምጠው፥ ከ2007 እስከ 2010 እ.ኤ.አ. ድረስ 130 አረጋውያን 227 ጊዜ ሲወድቁ የሚያሳይ ሥዕል ሰበሰቡ፤ ውጤቱም በ2013 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ወጣ። ሁላችን ሽማግሌ የሚወድቀው አንሸራትቶት ነው እንላለን፤ ከእነዚህ ውስጥ አንሸራትቷቸው የወደቁት ግን ከመቶ 3 ብቻ ነበሩ። ተደናቅፈው የወደቁት ከመቶ 21 ናቸው። ከሁሉ የበዛው፥ ከመቶ 41 የሚሆነው፥ የሰውነትን ክብደት ከአንዱ እግር ወደ ሌላው፥ ወይም ከወንበር ወደ እግር፥ ሲያዛውሩ ሚዛን በመሳት የመጣ ነው። ቆመው ሳሉ የወደቁ አሉ፤ ሊቀመጡ ሲሉ የወደቁም አሉ። እንግዲህ ወለሉን ማድረቅ መልካም ሆኖ ሳለ፥ ወለሉን ብቻ ያደረቀ ቤት ሥራውን ጨረስሁ ሊል አይችልም። ሚዛን የሚጠበቀው በጡንቻ ነው፤ ጡንቻም የሚጠበቀው በመንቀሳቀስ ነው።

የነገሩን ክብደት ለማወቅ የፈለገ አንባቢ ቢኖር፥ የዓለም ጤና ድርጅት በያመቱ 684 ሺህ ያህል ሰዎች በመውደቅ ምክንያት እንደሚሞቱ፥ ከእነዚህም ከመቶ 80 የሚበልጡት እንደ እኛ ባሉት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች እንደ ሆኑ አስታውቋል። በአሜሪካ በመጦሪያ ቤት ከሚኖሩት አረጋውያን ግማሽ ያህሉ በአንድ ዓመት ውስጥ እንደሚወድቁ ይገመታል። በዚያው አገር ሽማግሌዎችን በቀበቶና በመሳሰለው ከአልጋና ከወንበር ጋር ማሰር የተለመደ ነበር፤ በ1987 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ ለሠራተኛ ምቾት ወይም ለቅጣት ሲባል ማሰርን ከለከለ። ከዚያም በኋላ የተደረገው ምርምር መታሰር ከከባድ ጉዳት እንዳላዳናቸው አሳየ። የአልጋ አጥርም እንዲሁ ነው፤ መውረድ የፈለገ ሽማግሌ በላዩ ይሻገርና ከከፍታ ይወድቃል።

ይህን ሁሉ ያወቅነው በኋላ ነው። ያስተማረችን ደግሞ እኛ ራሳችን በአምስተኛ ክፍል ሒሳብ ያስተማርናት፥ ዛሬ በእንግሊዝ አገር በአረጋውያን ቤት በሌሊት ፈረቃ የምትሠራ አንዲት ልጅ ናት። ከአገራቸው ወጥተው የሰው አገር ሽማግሌ በማስታመም የሚኖሩ ልጆቻችን ብዙ ናቸው፤ የሚያውቁትን ጠይቀን መማር ግን አልለመድንም። ለዐውደ ዓመት ስልክ በደወለች ጊዜ የየኔታን ነገር ብንነግራት ጥቂት ዝም አለችና፥ «መምህር፥ በዚያ ሌሊት ለምን እንደ ተነሡ ጠይቀዋቸዋል?» አለችን። ለሽንት ነው ተብሏል አልናት። «የተባለውን ሳይሆን፥ እርሳቸውን ጠይቀዋቸዋል ወይ?» አለች። አልጠየቅንም ነበር። እኛ ብቻ ሳንሆን አንድም ሰው አልጠየቃቸውም።

በእንግሊዝ አገር የኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከጓደኞቻቸው ጋር ሆነው ለመጦሪያ ቤቶች አንድ የመጠይቅ ወረቀት አዘጋጅተዋል። ስለ እያንዳንዱ አረጋዊ የሚጠይቅ ነው፤ ቀድሞ ወድቆ ያውቃልን? ምን ሕመም አለበት? ስንት ዓይነት መድኃኒት ይወስዳል? እንዴት ይራመዳል? ጫማው፥ መነጽሩ፥ አልጋው፥ መብራቱ እንዴት ነው? ምን ይወድዳል? ምን ያስፈራዋል? እያለ ይሄዳል፤ በየጥያቄውም አንጻር መደረግ የሚገባው ተጽፏል። ሠራተኞቹ ሁሉ በዚያው በሚሠሩበት ቤት አንድ ሰዓት ያህል ትምህርት ይሰጣቸዋል፤ ከመካከላቸውም አንዱ የዚህ ጉዳይ አለቃ ይሆናል። ይህን በ84 መጦሪያ ቤቶች፥ በ1,657 አረጋውያን ላይ መረመሩት፤ ከፊሎቹ ቤቶች በአዲሱ፥ የቀሩት በለመዱት መንገድ ሠሩ። በ2021 እ.ኤ.አ. በታተመው ውጤት መሠረት ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ወር ባለው ጊዜ፥ በለመዱት መንገድ በሠሩት ዘንድ በአንድ ሺህ የአረጋዊ ቀን 10.4 መውደቅ ሲቈጠር፥ በአዲሱ መንገድ በሠሩት ዘንድ 6.0 ብቻ ተቈጠረ። ሌላው ልዩነት ተመዛዝኖ ሲሰላ ከመቶ 43 ቀነሰ ማለት ነው። አረጋውያኑም ይህን ያገኙት በመቀመጥ አይደለም፤ እንቅስቃሴያቸው አልቀነሰም።

ነገር ግን ተመራማሪዎቹ ያልሸሸጉት አንድ ነገር አለ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ወራት ልዩነቱ እንዲህ ጎልቶ አልታየም። ስለዚህ ነገር ልጃችንን ብንጠይቃት ሣቀች። «መምህር፥ ወረቀት እኮ ብቻውን አይሠራም» አለችን። እርስዋ በምትሠራበት ቤት መጀመሪያ ወረቀቱ በሚያምር ሁኔታ ተሞልቶ በመሳቢያ ተቀመጠ፤ የተማሩት ሠራተኞች ሥራ ለቀው ሌሎች መጡ፤ አዲሶቹም መሳቢያውን የከፈተ አልነበረም። ነገሩ የተለወጠው ወለል የምትወለውለዋንና ወጥ ሠሪውን ጭምር ማስተማር ከተጀመረ በኋላ ነው። ወንበሩ ከቦታው መዛወሩን ቀድማ የምታይ ወለል የምትወለውለዋ ናት፤ ሽማግሌው ምሳውን መተዉን ቀድሞ የሚያውቅ ወጥ ሠሪው ነው። በየፈረቃው ለውጥም ወጪው ለገቢው ማን እንደ ወደቀ ብቻ ሳይሆን ማን ዛሬ እንደ ወትሮው እንዳልሆነ ይነግረዋል። በዘመናዊ ትምህርት ቤትም ብዙ መልካም ሥርዐት በመዝገብ ተጽፎ መቅረቱን እኛ መምህራን እናውቃለን።

አንድ ታሪክም ነገረችን። ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት እየተነሣ በመተላለፊያው ላይ የሚወድቅ አንድ ሽማግሌ ነበር። እንቅልፍ እንዲወስደው መድኃኒት ሰጡት፤ ይባስ ብሎ ወደቀ። በመጨረሻ ሴት ልጁ ተጠየቀች። አባቷ አርባ ዓመት ዳቦ ጋጋሪ ነበር፤ በዚያ ሰዓት የሚነሣው እሳት ሊያነድ ነው። ከዚያ በኋላ በዘጠኝ ሰዓት ሻይ ይዘው ይቀሰቅሱታል፤ ጫማውን አጥልቀው ወደ ወጥ ቤት ያደርሱታል፤ ተቀምጦ ጥቂት ከተጨዋወተ በኋላ ተመልሶ ይተኛል።

በማግሥቱ ወደ የኔታ ሄድን። «በዚያ ሌሊት ለምን ነበር የተነሡት?» ብለን ጠየቅናቸው። እንደ ሞኝ ተመለከቱን። «አንተ ልጅ፥ ከእኔ ጋር አድገህ ይህ ይጠፋሃል? ለሰዓታት ነዋ!» አሉን።

እንዲህ ከሆነ በኋላ የቤቱን ኀላፊ፥ አንድ የምናውቀውን ሐኪምና ሁለቱን የሌሊት ሠራተኞች ይዘን ተቀመጥን። ሐኪሙ አስቀድሞ ያየው መድኃኒታቸውን ነበር። የኔታ ለደም ግፊት ሁለት ዓይነት፥ እንዲሁም እንቅልፍ እንዲወስዳቸው ዲያዜፓም ይወስዱ ነበር፤ ይህን የመጨረሻውን ማን እንዳዘዘው እንኳ የሚያስታውስ አልተገኘም። የእንቅልፍ ኪኒን በሽማግሌ ሰውነት ውስጥ ለረጅም ጊዜ ይቆያል፤ ሌሊት ለተነሣ ሰው ጉልበቱንም ሚዛኑንም ይነሣዋል። ሐኪሙ ቀስ በቀስ እየቀነሰ እንዲቀር አደረገ። (አንባብያን ሆይ፥ ይህን አንብባችሁ የአባታችሁን መድኃኒት በገዛ እጃችሁ እንዳታቋርጡ፤ በድንገት ማቋረጡም ጉዳት አለው።) ቀጥሎም አምስት ደቂቃ ያህል አስተኝቶ የደም ግፊታቸውን ለካ፤ ከቆሙም በኋላ በአንደኛውና በሦስተኛው ደቂቃ ለካ። የላይኛው ቍጥር ሲቆሙ 20 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ፥ ሰውየው ሲነሣ ራሱን ያዞረዋል ማለት ነው፤ የየኔታ በ26 ወረደ። ውሃም ከምሳ በኋላ እንዳያሸናቸው ብለው አይጠጡም ነበር፤ ይህም ለደም ግፊቱ መውረድ ያግዛል። ሽንትን ፈርቶ ውሃ መተው በአረጋውያን ዘንድ የተለመደ ነውና ሠራተኞች ሊጠነቀቁበት ይገባል።

ዓይናቸውን ሲመረምር በግራው ላይ ሞራ ተገኘ። እግራቸው ላይ ያለው ደግሞ ተረከዝ የሌለው ያረጀ ነጠላ ጫማ ነበር። ይህን ሁሉ ሳናይ ነው እንግዲህ ጠረጴዛ ያስጠጋንባቸው።

የምግብንም ነገር ሳንጠቅስ አናልፍም። በአውስትራሊያ በ60 መጦሪያ ቤቶች፥ ከሰባት ሺህ በሚበልጡ አረጋውያን ላይ በተደረገ ምርመራ፥ ከፊሎቹ ቤቶች ወተት፥ እርጎና አይብ ጨምረው ቢመግቡ፥ በሁለት ዓመት ውስጥ የአጥንት ስብራት ከመቶ 33፥ የዳሌ ስብራት ከመቶ 46፥ መውደቅም ራሱ ከመቶ 11 ቀንሶ ተገኝቷል፤ ይህም በ2021 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ይህን ስናነብ የብዙ አንባብያን ጥያቄ ምን እንደሚሆን እናውቃለን፤ ጾሙስ? የኔታም ይህንኑ ጠይቀው ተቈጡ። ቤተ ክርስቲያን ለሕመምተኛና ለደካማ የምታዝን እናት እንደ ሆነች ለእርሳቸው እኛ ልንነግራቸው አይገባም ነበርና፥ ነገሩን ለንስሐ አባታቸው ተውነው። እርሳቸውም መጥተው ለብቻቸው ተነጋገሩ፤ የተባባሉትን አልጠየቅንም። ለሚጾሙት ግን ሽሮው፥ ምስሩ፥ ሰሊጡና ጎመኑ በርከት ብሎ ሊቀርብላቸው ይገባል፤ ሽማግሌ ነውና በቃው እየተባለ በአንዲት ጭልፋ መሸኘት ጡንቻን ያከሳል። ማለዳ በፀሐይ መቀመጥም መልካም ነው፤ ከቤት የማይወጡ አረጋውያን የቫይታሚን ዲ እጥረት ያገኛቸዋል።

ስለ እንቅስቃሴም በዚያው በአውስትራሊያ በ16 ቤቶች 221 አረጋውያን በተሳተፉበት ጥናት፥ በሳምንት ሁለት ጊዜ ለ25 ሳምንታት የጡንቻና የሚዛን ልምምድ ያደረጉት፥ ከዚያም በጥቂቱ የቀጠሉት፥ ካላደረጉት ይልቅ ከመቶ 55 ያነሰ ወድቀዋል። ውጤቱ የወጣው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው። እነርሱ ልዩ መሣሪያ ነበራቸው። እኛ የጀመርነው ክንድ ማሳረፊያ ባለውና ጠንካራ በሆነ ወንበር ነው፤ የኔታ ከዚያ ላይ በጠዋት አምስት ጊዜ፥ በማታ አምስት ጊዜ መነሣትና መቀመጥ ጀመሩ። የሚነሡበትን ቍጥር በግእዝ ይቈጥሩ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ወደ ዐሥር ደረሱ።

በቤቱ ውስጥ የተደረገው ለውጥ ብዙ ገንዘብ አልጠየቀም። አልጋው ዝቅ ተደረገ፤ ሲቀመጡ እግራቸው ወለሉን ይረግጣል። ከአልጋው እስከ መጸዳጃ ቤት ድረስ ትንሽ መብራት ሌሊቱን ሙሉ ይበራል። ለደከሙት ፖፖ በአልጋቸው አጠገብ ተቀመጠ። ጠርዙ የተጠቀለለው ምንጣፍ ተነሣ። መጥሪያው ደወል፥ ቀድሞ ከራስጌው በላይ ለጌጥ የተሰቀለ ይመስል የነበረው፥ እጅ ወደሚደርስበት ወረደ።

ሠራተኞቹም የወደቀ ሰው ሲያዩ ሮጠው በብብቱ ገብተው ማንሣትን ተዉ። ይህ ልማድ በየቤታችንም አለና ልብ በሉ። አስቀድሞ ባለበት አረጋግቶ የት እንዳመመው መጠየቅ ይገባል። አንዱ እግር አጥሮና ወደ ውጭ ዞሮ ከታየ፥ ዳሌ ተሰብሯል ተብሎ ይጠረጠራልና ሳያንቀሳቅሱ ሙቀት አልብሰው ሐኪም መጥራት ነው። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ራሱን ከመታ፥ ደኅና ነኝ ቢልም ወደ ሆስፒታል ይሂድ። ምንም ካልሆነም ወንበር አቅርቦለት በጉልበቱ ተንበርክኮ በራሱ ኀይል እንዲነሣ መርዳት ይሻላል። ከዚያም በዚያው ቀን ሠራተኞቹ ተሰብስበው በባሕር መዝገብ ይጽፋሉ፤ በስንት ሰዓት፥ የት፥ ምን ሊያደርግ ሲል፥ ምን ተጫምቶ። ማን ነበር ተረኛው የሚለው ጥያቄ ከመዝገቡ እንዲወጣ ኀላፊውን አጥብቀን ለመንነው። ይህ ጥያቄ ባለበት ቤት መውደቅ ይሸሸጋል እንጂ አይቀንስም።

ኀላፊው ይህን ለመቀበል ጊዜ ወሰደበት። «አንዱ ተራምዶ ቢሰበር ቤተ ሰቡ ይከሰኛል» አለን። እውነቱን ነው። ስለዚህ እኛ፥ የየኔታን ልጆች በስልክ አስፈቅደን፥ እንዲራመዱ እንደምንፈልግና ቢወድቁም ቤቱን እንደማንወቅስ በወረቀት ጽፈን ፈረምን። ያን ወረቀት ስንፈርም እጃችን ቀላል አልነበረም።

ዛሬ ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት ተረኛዋ ሴት ትቀሰቅሳቸዋለች። አልጋው ጫፍ ላይ ጥቂት ያርፋሉ፤ ተረከዙ የተዘጋ ጫማ ያጠልቃሉ፤ ከመጸዳጃ ቤት ሲመለሱ በዚያ በጠንካራው ወንበር ተቀምጠው ሰዓታቸውን ያደርሳሉ። ከዚያ ወዲህ በሰባት ወር አንድ ጊዜ ወድቀዋል፤ በቀን፥ ከወንበር ሊቀመጡ ሲሉ፤ አልተጎዱም።

መቋሚያው ከዕቃ ቤት ተመልሷል። ሐኪሙ የመራመጃ ዱላ ቁመት እስከ እጅ አንጓ ሊሆን ይገባል፥ ይህ ረዝሟልና ይቆረጥ ቢል፥ የኔታ «የመምህሬ ነው፤ እኔን ቁረጡኝ» አሉ። ስለዚህ ጫፉ ላስቲክ ያለው ሌላ ምርኩዝ ገዛንላቸው። በርሱ ይራመዳሉ፤ መቋሚያው ግን በወንበራቸው አጠገብ ግድግዳውን ተደግፎ ይቆማል፤ ሰዓታቱን ሲያደርሱ ብቻ ተቀምጠው በእጃቸው ይይዙታል።